ምንም የማያውቀው ማሽን

አባቷ ከሞቱ ወዲህ ልጅቷን የሚጥማት ነገር የለም፤ የሚያስጠላትም የለም። አብራት የምትኖረው አክስቷ ይህን ያወቀችው በአንድ ሰሃን ሾርባ ነው።

«ውይ! ጨው ረስቻለሁ ለካ» አለች አክስቷ፣ የራሷን ሾርባ ቀመስ አድርጋ። ቀና ስትል የልጅቷ ሰሃን ባዶ ነው። «አንቺ! እንዴት አድርገሽ ጨረስሽው?»

«ጨው የለውም እንዴ?»

አክስቷ ባዶውን ሰሃን አነሣች። ልጅቷ ብታለቅስ ይሻል ነበር፤ የሚያለቅስ ሰው ይባበላል። ይቺ ግን ጠዋት ተነሥታ፣ ፀጉሯን አስይዛ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ሥራዋ ትሄዳለች።

ሥራዋ ደግሞ ለዘመድ ለማስረዳት አይመችም። መሥሪያ ቤቱ ለሆስፒታሎች ስልክ የሚመልስ የኮምፒውተር ረዳት ይሠራል። ረዳቱ ብልህ ነው ይባላል፤ ግን እጅ የለውም። እጁ ፕሮግራመሮቹ የሚሠሩለት መሣሪያዎች ናቸው፤ አንዱ ቀጠሮ ይይዛል፣ አንዱ ያዛውራል፣ አንዱ ይሰርዛል። የትኛውን መቼ እንደሚያነሣ የሚያውቀው ከእያንዳንዱ መሣሪያ ጋር የተጻፈለትን አጭር ማብራሪያ አንብቦ ነው። ማብራሪያውን የምትጽፈው እሷ ናት።

መሣሪያዎቹን ከሚሠሩት አንዱን ቢሮው ሁሉ «ረጅሙ» ይለዋል፤ በር ሲገባ ጎንበስ ማለት አለበትና። የተዋወቁት በእሱ ጥፋት ነው። እሷ ለቅሶ ላይ ሳለች አንዱን ማብራሪያ ራሱ ጽፎት ነበር፦ «የተያዘን ሰዓት ያስለቅቃል።» ይኸው ነው፣ አለቀ። በሙከራው ቀን አንዲት የሥራ ባልደረባቸው እንደ ታካሚ ሆና ደወለችና «ቀጠሮዬን ወደ ሐሙስ አድርጉልኝ» አለች። ረዳቱ መጀመሪያ ሰዓቷን አስለቀቀ። ሐሙስን ሲያይ ሞልቷል። ወደ ቀድሞው ሲመለስ እሱንም ሌላ ሰው ወስዶታል።

«የጻፍኩት እኮ እውነት ነው» አለ ረጅሙ፣ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛዋ ጎትቶ።

«እውነትማ እውነት ነው። መቼ እንደማይነካው ግን አልነገርከውም። ካስለቀቀ ተራው እንደሚጠፋ፣ ለማዛወር ሌላ መሣሪያ እንዳለ በምን ይወቅ? ዛሬ ሥራ የጀመረ ሰው ነው ብለህ አስበው።»

«ያልተጻፈለት ነገር ሲገጥመውስ?»

«አይገምት። ይጠይቅ ብለህ ጻፍለት።»

ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ አብረው መሥራት ያዙ። ዘዴውን ያመጣው ረጅሙ ነው። እሷ የጻፈችውን ታነባለች፤ እሱ ዓይኑን ይጨፍንና «እኔ ማሽን ነኝ፤ ምንም አላውቅም» ብሎ የሰማውን ብቻ ያደርጋል። አንድ ቀን ልትፈትነው «ብርጭቆውን አንሣ» አለችው። ውሃ የሞላውን ብርጭቆ አንሥቶ እንደ ሐውልት ቀጥ አለ።

«ምን ሆነሃል?»

«አስቀምጥ አልተባልኩም።»

ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። እሷ አልሳቀችም። ክንዱ ሲዝል ግን ያየችው እሷ ብቻ ነበረች። «በል አስቀምጠው» አለችው ቀስ ብላ፤ እሱም ዓይኑን ገልጦ አያት፤ ብዙ አያት።

ረጅሙ እንደወደዳት የበሩ ዘበኛ ሳይቀር ያውቃል። እሷም ሳታውቅ አትቀርም፤ ማወቅና መሰማት ግን ለየቅል ናቸው።

አንድ ሰኞ ደረጃው ላይ ጠበቃት። ሌላ ከተማ ጥሩ ሥራ አግኝቷል።

«ልሂድ?»

«እንደፈለግክ» አለች።

ፊቱ ሲለወጥ አየች። ውስጧ ግን ሰው የለቀቀው ቤት ሆኖባታል። ረጅሙ ራሱን ነቅንቆ ደረጃውን ወረደና መልቀቂያውን አስገባ።

በመጨረሻው ቀን አንድ ማብራሪያ ቀርቷቸው ነበርና እሱን ጨረሱ። ኩባያውና ሹራቡ ካርቶን ውስጥ ገብተዋል። ካርቶኑን ስታይ ከነገ ጀምሮ ያ ወንበር ባዶ መሆኑ ገባት። እንባ አልመጣም። ፈራች እንጂ፤ አባቷን ከቀበረች ወዲህ ስትፈራ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«ቁጭ በል» አለችው። «ዓይንህን ጨፍን። ማሽን ነህ።»

«ምንም አላውቅም» አለ ረጅሙ፤ የቀልድ ድምፅ ግን አልነበረም።

«እንደፈለግክ ያልኩህ ሂድ ለማለት አይደለም። ዝም ስልም አልፈልግህም ማለት አይደለም። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንደ ሰው አይሰማኝም። እወድሃለሁ ብልህ የዋሸሁህ ይመስለኛል። ግን ጠዋት የምነሣው ከሰዓት በኋላ አንተ አለህ ብዬ ነው፤ ሌላ የምነሣበት ነገር የለኝም። አትሂድ። አሁን ግልጽ ነው?»

«አንድ ነገር ይጎድለዋል። ልጠይቅ?»

«ጠይቅ።»

«እስከ መቼ ነው የምጠብቅሽ?»

«አላውቅም።»

ረጅሙ ዓይኑን ገለጠ። «ያን ቀንም ደረጃው ላይ እንዲህ መጠየቅ ነበረብኝ። ገምቼ ወረድኩ።»

ሹራቡን ከካርቶኑ አውጥቶ ወንበሩ ላይ አንጠለጠለ። ከዚያ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ወደ አለቃቸው ክፍል ገባ።

የልጅቷ ልብ አልዘለለም፤ እግሯም መሬት አልለቀቀም። ኮምፒውተሯን ዘግታ ቤቷ ሄደች።

አክስቷ እንደ ልማዷ ሾርባ ቀድታ አቀረበችላት። ልጅቷ አንድ ማንኪያ ፉት አለችና ፊቷ ጭምድድ አለ።

«አክስቴ! ምንድን ነው ይሄ? ጨው ብቻ እኮ ነው!»

አክስቷ ጭልፋውን ወርውራ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! ያንቺን ለብቻ ጨው ሳበዛበት ስንት ጊዜዬ መሰለሽ!»