እግርህን አሳየኝ

ሚዛን አማን ከተማ፣ አማን ውስጥ ከገበያው ሽቅብ በሚወጣው ጭቃ መንገድ ዳር አንዲት የቆርቆሮ ቤት አለች። ሰው በሯን ሲያንኳኳ ባለቤቷ «ማነው?» አትልም፤ ጎንበስ ብላ በበሩ ሥር ታያለች። ጫማ ካየች፣ ጫማውም መሬት ከረገጠ፣ ያኔ ትከፍታለች። አዲስ ጎረቤት ይህን አይቶ ይስቃል። ነባሩ ግን አይስቅም፤ እንዴት ብሎ ይሳቅ?

ነገሩ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። የቤቷ ባለቤት የተሾመች ባል ይርዳው፣ በሼኮ መንገድ ከቡና ማሳቸው መካከል በቆመው ቀረሮ ላይ ቀፎ ሊሰቅል ወጣ። ቀረሮ መቼም እንደ ሌላው ዛፍ አይደለም፤ ጫፉን ለማየት የሚያንጋጥጥ ሰው ቆቡ ይወድቃል። ይርዳው ወገቡን በሐረግ አሥሮ ወጣ፣ ቀፎውን ሰቀለ፣ ከላይ ሆኖም «ተሾ፣ የዘንድሮው ማር ያንቺ ነው» ብሎ ተጣራ። ሐረጉ የተበጠሰው ያን ጊዜ ነው። ተሾመች ከሥሩ ቆማ ነበር። ምን ታድርግ? ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፍፋ በሁለት እጇ ዘረጋች… ወይ እናንተ፣ ከሰማይ የሚወድቅ ሰው በነጠላ ይያዛል? ያን ነጠላ ከዚያ ወዲህ አላጠበችውም፣ አልለበሰችውም፤ ሳጥን ውስጥ ቆልፋበት ኖረች።

አንድ ልጃቸው ይትባረክ ያኔ ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ እናቱ እጁን አፈሩ ላይ አስጭና አስማለችው፦ እግሩ ከምድር ላይለቅ፣ ዛፍ ላይ ላይሰቀል፣ ቆጥ ላይ እንኳ ላይወጣ። ልጁ ማለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያ ቤት ጣሪያ ሲያፈስ የሚደፍነው ጎረቤት ነው። ቴፒ ካምፓስ ተመርቆ ወደ ኖርዌይ የመማር ዕድል ሲያገኝ ደግሞ ተሾመች ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ አውሮፕላን ወለል አለው ወይ? አለው አሏት። ምንጣፍ ሁሉ አለው አሏት። «እንግዲያው ወለሉን አትልቀቅ» ብላ መርቃ ሸኘችው። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ በቪዲዮ ሲደውል፣ ፊቱን እንኳ በቅጡ ሳታይ የምትለው አንድ ነው፦ «እግርህን አሳየኝ።» እሱም ስልኩን ወደ ታች ያዞራል። ካልሲ፣ ከካልሲው ሥር ወለል። «ተመስገን» ትላለች። ወሬ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

የሚኖርባት ከተማ በርገን ትባላለች። ተራራ ከቧታል፣ ዝናቡ አያባራም፤ ሚዛንን ከነጭቃዋ ነቅሎ ባሕር ጠርዝ ላይ የተከላት ሰው ያለ ይመስላል። የሀገሬው ሰው ሰማዩን ሲረግም ይትባረክ ብቻ ጃንጥላውን ረስቶ ፈገግ ብሎ ይሄዳል። የከተማው የመጠጥ ውኃ በሚመረመርበት ላቦራቶሪ ይሠራል፤ ከሥራ ሲወጣ ሳራ ትጠብቀዋለች። ሳራ የሕፃናት አስተማሪ ናት። ተሾመች ስሟን የሰማች ጊዜ ልጅቷ ከጎንደር ትሁን ከመርሐቤቴ፣ የማን ዘር እንደሆነች ስትገምት አንድ ሳምንት ፈጀች፤ ፎቶዋ ሲመጣ ፀጉሯ የበቆሎ ጢም ይመስላል። ሳራ በብርድ ወራት መስኮት ከፍታ ትተኛለች፤ ይትባረክ ኮፍያ አድርጎ ይተኛል። እሷ ያን ቡናማ ጣፋጭ የሀገሯን አይብ ትቆርጣለች፣ እሱ ሚጥሚጣ ይነሰንስበታል፤ ሃይማኖቷን የነኩባት ያህል ትቆጣና ዞር ሲል ከእሱ ሳህን ትሰርቃለች። ዳንኤል የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ጓደኛቸው ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ሽሮ ሊበላ መጥቶ ሳህን ሳያጥብ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ለተሾመች ይነገራታል። የማይነገራት ረቡዕ ነው።

ረቡዕ ረቡዕ ሳራና ጓደኞቿ ድንጋይ ይወጣሉ። በብርዱ ወራት አዳራሽ ውስጥ በተሠራ ግድግዳ፣ በበጋ እውነተኛው ገደል ላይ። ለጨዋታ ነው። ለምን ብላችሁ አትጠይቁ፤ ይትባረክም ጠይቆ አልገባውም ነበር። ገና እንደተዋወቁ ሳራ ልትወጣ ስትል የገመዱን ጫፍ ሰጥታ «ያዝልኝ» አለችው። አሰበ። መሐላው መውጣትን እንጂ መያዝን አልከለከለም። እናም አንድ ዓመት ሙሉ እግሩን ከምድር ሳያነሣ ለሌላው ገመድ ያዘ። ስንቱ ተንሸራቶ በእሱ እጅ ተረፈ! አንዱ በተረፈ ቁጥር ግን ያልተረፈው ትዝ ይለው ነበር… በሁለተኛው ዓመት አንድ ረቡዕ ገመዱን ለሳራ ሰጥቶ ወጣ። ጫፍ ላይ ሲደርስ አለቀሰ። መሐላውን ማፍረሱ ነው ያስለቀሰው? ወይስ አባቱ በመጨረሻ ያየውን ዓይነት ሰማይ ማየቱ? እሱም አያውቅም። ለእናቱ ግን ረቡዕ ስብሰባ አለኝ አላት። ተሾመችም ልጇ በየሳምንቱ ለስብሰባ የሚፈለግ ትልቅ ሰው መሆኑን ለሰፈሩ አወራች።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። ከፍታ የሚፈራው ዳንኤል፣ መውጣቱ ቢቀርብኝ መቅረጹ አይቅርብኝ ብሎ ይትባረክን ገደል ላይ ቀረጸና ፌስቡክ ላይ ለቀቀው። ያን ቪዲዮ ከሚዛን ቴፒ ሚኒባስ የሚነዳው ከፈለኝ፣ የይትባረክ አብሮ አደግ፣ ዓርብ ጠዋት አየው። መኪናውን ሞልቶ ሲነሣ ከአባቦራ ሱቅ ውኃ ገዝቶ «ይትባረክን አየሁት እኮ፣ ፈረንጅ ሀገር ገደል ላይ ተሰቅሎ» አለና ነዳ። በዚህ ሀገር ቀፎ ይሰቀላል። ዛፍ ላይ የወጣ ልጅም ተሰቀለ ይባላል። ሰውም… አዎ፣ አንገቱ ላይ ገመድ የገባም ሰው ተሰቀለ ነው የሚባለው። ቃሉ አንድ ነው። የአባቦራ ሚስት ጀውሃራ ከሱቁ ጓዳ ሆና የሰማችው የመጨረሻውን ነው።

አባቦራ ከጅማ መጥቶ ሠላሳ ዓመት አማን የነገደ፣ የሰፈሩ እድር ዳኛ፣ ጠንቃቃ ሰው ነው። ሚስቱ ስላለቀሰች ብቻ አላመነም፤ ይትባረክ ዘንድ ደወለ። አንዲት ሴት በማያውቀው ቋንቋ ተናገረች። ደግሞ ደወለ፤ ያንኑ ደገመችለት። ስልኩ ኔትወርክ የማይደርስበት ተራራ ላይ መሆኑን የምትናገር ቅጂ መሆኗን ማን ይንገረው? ቃሏ ባይገባው ድምጿ ልስልስ ያለ፣ ያዘነ ነበር። አባቦራ ስልኩን ከጆሮው አውርዶ ቆቡን አወለቀ። ፈረንጅ መርዶ ሲያረዳ እንደዚህ ነው ብሎ ደመደመ።

ከቀትር በፊት ድንኳኑ ተተከለ። ተሾመች ሲነግሯት አልጮኸችም። «እግሩ መሬት ይነካ ነበር?» ብላ ጠየቀች። ሳጥኗን ከፈተች፣ ያን ነጠላ አወጣች፣ ልክ እንደዚያን ቀን በሁለት እጇ ዘረጋችው፤ ድምጿ የወጣው ያኔ ነው። ሁለት ቀን የሰማት ሁሉ አብሯት ተሰበረ። አንዲት ሴት ለአንድ ጉዳት ሁለት ጊዜ ትከፍላለች? ባል በሐረግ፣ ልጅ በገመድ!

እሑድ ከሰዓት ከፈለኝ ተመለሰ፤ ሚኒባሱ ቴፒ ተበላሽቶበት ሰንብቶ ነው። ድንኳን ሲያይ ገባ፣ ደረቱን መታ፣ ተቀመጠ፣ ከዚያ አጠገቡ ያለውን ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ ማን ሞቶ እንደሆነ ጠየቀው። ሲነግሩት ስልኩን አወጣ። በድንኳኑ ውስጥ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ለቅሶው ከኋላው እየተቋረጠ ሄደ። ይትባረክ ገደሉ ላይ ሆኖ ይስቃል፤ ከታች ሳራ በራሷ ቋንቋ ትሰድበዋለች። ተሾመች ስልኩን ተቀብላ ለረጅም ጊዜ አየች።

«እግሩስ?» አለች።

እግሩ አየር ላይ ነበር። ጀውሃራ እልል ልትል አፏን ስትከፍት ተሾመች እጇን አነሣች።

«የማለልኝ ልጅ ሞቷል» አለች። «ድንኳኑ አይነሣም።»

ከተራራው ወርዶ የራሱን መርዶ ሰምቶ የደነገጠው ይትባረክ ያን ቀን ሃያ ጊዜ ደወለ። የማታውቀው ሰው መሆኑን እንዲነግሩት አዘዘች። የእድሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ደንቡን ከዳር እስከ ዳር አነበቡ፤ በሕይወት ስላለ ሟች የሚናገር አንቀጽ አጡ። የእድሩ ድንኳን አንድ ብቻ ነው፤ እንደ እግዜር ፈቃድ፣ እንደ አባቦራም ጸሎት፣ በዚያ ሰሞን ሰፈሩ ሌላ ሰው ሳይሞትበት ቆየ። ዐሥራ አንድ ቀን እንዲህ ሆነ። ተሾመች ከል እንደለበሰች፣ ፍራሽ ላይ እንደተቀመጠች።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ዝናብ እየጣለ የከፈለኝ ሚኒባስ ድንኳኑ ደጃፍ ቆመ። ይትባረክ ወረደ፤ ከኋላው ሳራ። ሳራ ዳንኤል በመንገድ ይጠቅምሻል ብሎ ያስጠናትን አማርኛ በልቧ እየደጋገመች ነው የመጣችው። ድንኳን ገባች፣ ተሾመች ፊት ጎንበስ አለች፣ የሟቹን እጅ እንደያዘች ጥርት ባለ አነጋገር «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለች። ከፈለኝ ሳቁን ለመዋጥ ወደ ውጭ ሮጠ።

ይትባረክ ተንበርክኮ ጫማውን አወለቀ። ካልሲውንም።

«እማዬ፣ እግሬ ይኸው።»

በጣቷ ነካችው። ቀና ብላ ግን አላየችውም።

«አባትህም እግር ነበረው» አለች።

«አባዬ የጎደለው እግር አይደለም። ከሥር የሚይዝለት ሰው ነው።»

«ከሥር እኔ ነበርኩ» አለች ተሾመች። ድምጿ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። «ነጠላዬን ዘርግቼ።»

«ባዶ እጅሽን ነበርሽ፣ እማዬ። ገመድ የሰጠሽ አልነበረም።»

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት! ለስንት ቄስ ተናዝዛለች፣ ስንት ሱባዔ ገብታለች፤ ጥፋቱ የእሷ አለመሆኑን የነገራት ሰው ግን እስከዚያ ቀን አልነበረም፤ ጥፋቱን የራሷ ማድረጓንም ከቄሶቹ በቀር ያወቀ አልነበረም። ተሾመች አለቀሰች፤ ስለ ልጇ አልነበረም፣ ስለ ባሏም አልነበረም። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ከዛፍ ሥር እጇን ዘርግታ ስለቆመችው ሴት ነው ያለቀሰችው።

ቅዳሜ ጠዋት ለቀስተኛው ሁሉ ወደ ሼኮ መንገድ ወጣ። ቀረሮው ቆሟል፤ ከዚያች ቀን ወዲህ ማንም አልደፈረውም። ይትባረክ በቀጭን ክር ድንጋይ አሥሮ ከትልቁ ቅርንጫፍ ማዶ ወረወረ፤ በክሩ ገመዱን ሳበ፤ አንዱን ጫፍ ወገቡ ላይ አሠረ። ሌላውን ጫፍ ሳራ ትይዛለች ሲባል፣ ሳራ የራሷን የገደል መውጫ መታጠቂያ ፈትታ በተሾመች ከል ላይ አስታጠቀቻት። ገመዱን በመታጠቂያው አሳልፋ እጇ ላይ አኖረች፤ እንዴት እንደሚለቀቅ፣ እንዴት እንደሚያዝ በእጇ እጇን ይዛ አሳየቻት፤ ከዚያ ከኋላዋ ቆማ የገመዱን ጭራ ያዘች። የሳራ መዳፍ ሻካራ ነው። «ይቺስ የሥራ ሰው ናት» አለች ተሾመች ለጀውሃራ፤ ከመርዶው ወዲህ የተናገረችው የመጀመሪያው ደግ ቃል ነው።

ይትባረክ ወጣ። ወጣ። አንድ ክንድ በወጣ ቁጥር ተሾመች አንድ ክንድ ሳበች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት ይሁን ስድብ አልተለየም። ከቅጠሉ መካከል ጠፋ። ከዚያ ድምፁ መጣ።

«እማዬ! የአባዬ ቀፎ ባዶ አይደለም። ንቡ አለ!»

የሰቀለው ሞቶ፣ ቆራጭ አጥቶ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ንብ እየመጣ ንብ እየሄደ ያ ቀፎ ሲሠራ ኖሯል! የዘንድሮው ማር ያንቺ ነው ብሏት አልነበር?

ማሩን ለባለሙያ ትቶ ሲወርድ የረገጠው ቅርፊት ተላጠ። ሕዝቡ ሁሉ የይትባረክን አካል አየር ላይ አየ፣ ጀውሃራ ዓይኗን ሸፈነች… ገመዱም ቀጥ አለ። ይትባረክ ከአንድ ክንድ በላይ አልወደቀም። አምሳ ኪሎ የማትሞላው ተሾመች ግን፣ ገመዱን አንቃ እንደያዘች፣ በልጇ ክብደት ከመሬት ተነሣች። አንድ ክንድ ያህል። ሳራ ከኋላ ባትይዛት የት በደረሰች! ከል ለብሳ አየር ላይ ተንጠለጠለች፤ አንድ ጫማዋ ወልቆ ቡናው መካከል ወደቀ። ጣቷ ግን አልላላም። ልጇ ከላይ፣ እሷ ከታች፣ በአንድ ገመድ ተሰቅለው ይወዛወዛሉ።

ይትባረክ ቁልቁል አያት።

«እማዬ» አለ፣ «እግርሽን አሳዪኝ።»

ተሾመች እግሯን አየች። ከዚያ ሳቀች፤ ሚዛንና አማን ይህችን ሴት ስትስቅ ሰምተው አያውቁም ነበር፤ እንዲህ ነው የምትስቀው? ጀውሃራ ዐሥራ ሦስት ቀን ጉሮሮዋ ላይ የቀረውን እልልታ ለቀቀችው፤ ጫካው መለሰላት።

ድንኳኑ በሚቀጥለው እሑድ ተነሣ፤ ግን ይትባረክና ሳራ ከተዳሩበት በኋላ ነው። አባቦራ የእድሩ መዝገብ ላይ «ለሐዘን ተተክሎ በሰርግ የተነሣ» ብሎ ጻፈና አንቀጽ እንዲወጣለት ጠየቀ። ተሾመች ያን ነጠላ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ያላየውን ሳሙና አሳይታ፣ ፀሐይ ላይ አስጥታ፣ ለሙሽራዋ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችላት። በሰርጉ የቀረበው ማር ከየት እንደተቆረጠ ለማንም መንገር አላስፈለገም።

ዕጣ የሚሉት ነገር ሰውን ከፍ አድርጎ ይሰቅላል፤ ሲያሻው ሐረጉን ይበጥሳል። ማን ይከለክለዋል? ማንም። ከሥር የሚቆመው ሰው እጁ ባዶ ይሁን ወይስ ገመድ ይያዝ የሚለውን ግን ዕጣ ብቻውን አይወስነውም፤ የቀረው ከሰው ነው።

አሁን ይትባረክ ከበርገን የሚደውለው እሑድ ብቻ አይደለም፤ ረቡዕም ገደሉ ሥር ሆኖ ይደውላል። ተሾመች «እግርህን አሳየኝ» አትልም።

«ገመዱን ማን ይዞታል?» ትላለች።

«ሳራ ናት፣ እማዬ።»

«በል ውጣ።»