የኋላ ተሳፋሪ፦ ተገናኝቷል

ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ከሰው የሰማሁት አይደለም፤ በህልሜ ያየሁትም አይደለም።

እዚህ ቻናል ላይ የሚለጠፉ ታሪኮችን እያነበብኩ "አይ ፈጠራ!" ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን ተራው የእኔ ሆኗል፤ እናንተም እንደዚያው ብትሉኝ አልቀየምም።

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል።

ጨለማ የለ... ዝናብ የለ... ጠራራ ፀሐይ ነው። የምሠራበት ጋራዥ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል።

የሞተርሳይክል ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። መብራት፣ ባትሪ፣ ጥሩምባ፣ ሽቦ ያለው ነገር ሁሉ የእኔ ነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ ሄልሜት ውስጥ የሚገባውን ብሉቱዝ ማዳመጫ ከሞተሩ የድምፅ ሲስተም ጋር ማገናኘት ዋና ሥራዬ ሆኗል።

የጋራዡ ባለቤት ሽማግሌ ናቸው። "ጋሽ ሽቦ" እንላቸዋለን፣ ፊት ለፊታቸው ሳይቀር። እሳቸውም ስማቸውን ከረሱት ቆይተዋል።

በዚያ ሰዓት እህቴ ከተፍ አለች።

ታናሼ ናት። ፌንጣ ነው የምላት፤ አንድ ቦታ ሁለት ደቂቃ ቆማ አታውቅም። ፋርማሲ ውስጥ ተቀጥራ በሞተር መድኃኒት ታደርሳለች። ባለፈው ሳምንት እየነዳች ስልክ ሲደወልላት ሄልሜቷ ውስጥ ሸጉጣ ስታወራ የጭነት መኪና ሥር ልትገባ ለጥቂት ነው የተረፈችው። ከእናቴ ሌላ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ማዳመጫ ሳልገጥምላት እንቅልፍ አይወስደኝም ብዬ ጠራኋት።

"ጋሼ፣ በአሥር ሰዓት የማደርሰው መድኃኒት አለኝ። ቶሎ በል!"

"የቸኮለ አፍሶ ለቀመ አሉ።"

"አንተ ደግሞ ተረቱን ተወውና ሥራው!"

ሞተሩ ትልቅ ነው። ስክሪን አለው፣ ስፒከር አለው። ፋርማሲው ያገለገለ ነው የገዛው። ከማን እንደተገዛ እሷም አታውቅም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ማዳመጫዎቹን ከሄልሜቱ ስፖንጅ ሥር ከተትኳቸው። ማይኩን በአፍ በኩል ለጠፍኩት። ሰማያዊው መብራት ብልጭ ብልጭ እስኪል ቁልፉን ተጫንኩና በሞተሩ ስክሪን ፈለግኩት። ወዲያው አገኘው።

"ነጂ፦ ተገናኝቷል" የሚል ጽሑፍ መጣ።

ከሥሩ ግን ሌላ መስመር አለ።

"የኋላ ተሳፋሪ፦ ተገናኝቷል"...

እነዚህ ሞተሮች ሁለት ሄልሜት ይቀበላሉ። የሚነዳውና ከኋላው የተቀመጠው እያወሩ እንዲሄዱ ነው። እኛ ጋ ግን የበራው ሄልሜት አንድ ነው። ሌላው የእኔ የመሞከሪያ ሄልሜት ነው፤ እሱም መደርደሪያ ላይ ጠፍቶ ተቀምጧል።

ሁለተኛውን መስመር ሰረዝኩት።

ተመልሶ መጣ።

ደግሜ ሰረዝኩት። አሁንም መጣ።

ጋሽ ሽቦ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት።

"ወንበሩ ባዶ ነው አይደል?" አሉኝ ቀስ ብለው።

"ባዶ ነው።"

"እንግዲያው ሁሉንም አጥፋና ከዜሮ ጀምር።"

"ጋሽ ሽቦ፣ አርባ ደቂቃ ይፈጃል እኮ። ልጅቷ ቸኩላለች።"

"ትቸኩል።"

ይህን ብለው ወደ ሌላ ደንበኛ ሄዱ። እኔም በዚህ ሥራ ያለን ሁላችንም የምናደርገውን አደረግኩ። የድሮው አልሰረዝ ሲል በእሱ ቦታ የራሳችንን የመሞከሪያ ሄልሜት እናስገባለን። አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ሞክረን ስንጨርስ የራሳችንን እናወጣለን።

እሷ የራሷን አጠለቀች፤ እኔም ሄልሜቴን አጠለቅኩና ከግድግዳው ጀርባ ሄድኩ።

"አንድ... ሁለት... ሦስት... ትሰሚኛለሽ?"

"ውይ ጆሮዬን! ምን ያስጮህሃል?" አለች እየሳቀች።

ተሳካ። ወደ ሞተሩ ተመለስኩ።

ትንሽ ቆይታ፣ "እሺ... እጠነቀቃለሁ አልኩህ እኮ" አለችኝ።

እኔ ተጠንቀቂ አላልኳትም።

ብዙ አላሰብኩበትም። ምናልባት ቀደም ብዬ ብያት ይሆናል አልኩ። ሰው ሲቸኩል ለሁሉም ነገር መልስ አያጣም።

ሞተሯን አስነስታ ወጣች። የመድኃኒቱ ሳጥን ከፊት ለፊቷ ታስሯል። የኋላው ወንበር ባዶ ነው። ግን መንገዱ ላይ ያለውን ጉድጓድ ስታልፍ ሰው እንዳፈናጠጠ ሰው ቀስ ብላ፣ ተጠንቅቃ አለፈችው። ፌንጣ ብቻዋን ስትነዳ ለጉድጓድ ፍጥነት ቀንሳ አታውቅም።

ሄልሜቴን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። የእኔን መስመር ሳላወጣ እንደለቀቅኳት ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ስትመለስ አወጣዋለሁ ብዬ ወደ ሥራዬ ዞርኩ።

አሥር ደቂቃ ያህል አለፈ።

ከሄልሜቱ ውስጥ የሞተር ድምፅ ሰማሁ...

ልብ በሉ። የዚህ ዕቃ ርቀት አጭር ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ፀጉር ቤት እንኳ ሳይደርስ ይንኮሻኮሽና ይቆረጣል። እህቴ በዚያ ሰዓት ከተማውን አጋምሳለች።

አነሳሁና አጠለቅኩት።

ንፋስ ይሰማል። ሞተሩ ይሰማል። እህቴ ታንጎራጉራለች። ጥርት ብሎ።

ከዚያ አንድ ወንድ፣ "ወደ ግራ ታጠፊ" አላት።

"ደንበኛዋ ያሉት በቀኝ አይደል እንዴ ጋሼ?"

"መንገዱ ተዘግቷል። በግራ ይሻላል።"

ድምፁ የእኔ ነበር። የእኔን ይመስል ነበር አላልኩም። የእኔ ነበር።

ማይኩን ወደ አፌ ሳብኩት።

"ፌንጣ! ቁሚ! እኔ አይደለሁም!" ብዬ ጮህኩ። የጋራዡ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

እህቴ ማንጎራጎሯን አቆመች።

"ጋሼ... ከኋላህ የሚጮኸው ማነው?"

"ማንም አይደለም" አላት። "አንድ ደንበኛ ነው። አትስሚው።"

ስልኬን አውጥቼ ደወልኩላት። ጥሪው በሄልሜቱ ውስጥ ሲጠራ እኔው ራሴ እየሰማሁት ነው።

"ጋሼ፣ እያወራኸኝ ትደውልልኛለህ እንዴ?"

"ኪሴ ውስጥ ተነክቶ ነው። አታንሺው።"

ሳቀች። "ያንተ ኪስ ደግሞ አያርፍም!"

ዘጋችው። ደግሜ ደወልኩ፣ አላነሳችም። መልእክት ላክኩ፦ "ቁሚ። የሚያወራሽ እኔ አይደለሁም።" ደርሶ ጢው ሲል ሰማሁት።

"ማነው የላከልኝ? እየነዳሁ ማየት አልችልም" አለች።

"እማዬ ናት። ከሥራ ስትወጪ ቶሎ ነይ ትልሻለች።"

"እሺ።"

እሺ አለች። እንዲያ በቀላሉ። ለእኔ እንኳ አንድ ነገር ሳትከራከር እሺ ብላኝ አታውቅም።

ጋሽ ሽቦ አጠገቤ ቆመዋል። ሄልሜቱን ከራሴ ላይ ወስደው ጆሯቸው ላይ አደረጉት። ፊታቸው አመድ መሰለ። ሄልሜቱን መለሱልኝና የራሳቸውን ሞተር ቁልፍ እጄ ላይ አስቀመጡ።

"የሄልሜቱን ባትሪ እንዳታወጣው" አሉኝ በሹክሹክታ። "ካወጣኸው የት እንዳለች በምን ታውቃለህ?"

ወጣሁ። ወዴት እንደምሄድ ግን አላውቅም።

በየመታጠፊያው "ግራ" ይላታል። ትታጠፋለች። እንደገና "ግራ"። እንደገና። በዚህ አካሄድ ዞራ ዞራ ከተነሳችበት መመለስ ነበረባት። እሷ ግን፣ "ይሄን ሠፈር አይቼው አላውቅም" አለች።

"ጥሩ ሠፈር ነው" አላት።

"ሰው የለውም እንዴ? የቤቱ በር ሁሉ ክፍት ነው... ልብስ እንኳ አልተሰጣም።"

እኔ በዚህች ከተማ ነው ተወልጄ ያደግኩት። እንደዚያ ያለ ሠፈር አላውቅም።

"እህቴ፣ በእናትሽ ቁሚ" አልኩ። አሁን አልጮህኩም፤ እየለመንኩ ነበር። "እህቴ... እባክሽ..."

"ያ ሰውዬ አሁንም አለ" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "እያለቀሰ ነው መሰለኝ። ምን ሆኖ ነው ጋሼ?"

"የጠፋበት ነገር አለ።"

"ያሳዝናል።"

መንገድ ዳር ቆምኩ፤ እንባዬ ሄልሜቱ ውስጥ ወረደ። አዘነችልኝ። ማን መሆኔን ሳታውቅ አዘነችልኝ። ሰው እህቱ ጆሮ ውስጥ ሆኖ ምንም ማድረግ ሲያቅተው ምን እንደሚሰማው ልነግራችሁ አልችልም።

ሞተሩ ጠፋ።

"ደረስን" አላት። "ውረጂ። ሄልሜትሽን አውልቂ።"

ሄልሜቱ ሲወልቅ የማይኩን መንኮሻኮሽ ሰማሁ። ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው።

አሁን ድምፁ መቆም አለበት። ማዳመጫው ከጆሮዋ ወጥቷል...

"በየት በኩል ነው?" አለች። ከማይኩ ስለራቀች ድምፅዋ ደከም ብሏል።

"በዚህ በኩል" አላት።

እሱም ከማይኩ ርቆ ነበር። ከጎኗ ሆኖ ነበር የሚያወራት።

ከዚያ ኮቴ ሰማሁ። የሁለት ሰው ኮቴ ነው... እየራቀ ሄዶ ጠፋ።

ቆየሁ።

የአንዱ ሰው ኮቴ ተመልሶ መጣ። ሄልሜቱ ሲነሳ ሰማሁ። ማይኩ ላይ አፉን አስጠግቶ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣

"ትሰማኛለህ?" አለኝ።



ተቆረጠ።

ሁለት ሰዓት ያህል ከተማውን እንደ እብድ ዞርኩት። ያገኘሁትን ሁሉ ጠየቅኩ። መጨረሻ ላይ ፋርማሲው ጋ ደወልኩ። ባለሙያዋ እኔን ገና "ሄሎ" ስል ነበር የምትለየኝ።

"ይቅርታ፣ ማን ልበል?" አለችኝ።

"የፌንጣ ወንድም ነኝ! እህቴ የት ናት?"

"መድኃኒቱን በሰዓቱ አድርሳለች" አለች ቆጠብ ብላ። "ደንበኛዋም ደውለው አመስግነዋል። ከወንድሟ ጋር ሆና ነው ያመጣችልኝ አሉ... እርስዎ ማን ነዎት?"

አንቱ ብላኝ አታውቅም።

ሞተሩን ወደ ቤት አበረርኩት። ፀሐይ ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷት ነበር። ሠፈራችን ስደርስ ነዳጁ አለቀና መንገድ ላይ ጥዬው መሮጥ ጀመርኩ።

አየኋት!

ግቢያችን በር ላይ ናት። ደህና ናት። ሞተሯን እየገፋች ልትገባ ነው። እናቴ በሩን ይዛላታለች። ደስታው ልቤን ሊያፈነዳው ደረሰ።

"ፌንጣ!" አልኩ። "ፌንጣ!"

አልዞረችም። ሃያ እርምጃ ያህል ነው የሚያራርቀን።

"ወንድምሽስ?" ስትል ሰማኋት እናቴ።

"ይኸው፣ ከኋላዬ።"

እህቴ ሞተሩን ገፍታ ገባች። እናቴ ግን በሩን አልዘጋችም። ሰው ለማሳለፍ ወደ ጎን ፈቀቅ አለች፤ በሩ ላይ የቆመ ማንም አልታየኝም። ከሥራ ስገባ እንድስማት እንደምታደርገው ጉንጯን ቀና አደረገች። ፈገግ አለች።

"ዛሬስ ደክሞሃል ልጄ" አለች።

ከዚያ ዘጋችው። መወርወሪያው ሲገባ ሰማሁ።

ደረስኩና በሁለት እጄ በሩን ደበደብኩት።

"እማዬ! እኔ ነኝ! ክፈቺልኝ! ልጅሽ ነኝ!"

የሰው ኮቴ ወደ በሩ መጣና ቆመ። በመሃላችን ያለው ቆርቆሮ ብቻ ነው።

"ማነው?" አለኝ በራሴ ድምፅ።

ከኋላው እናቴ በፍርሃት ስታንሾካሹክ ሰማሁ።

"አትክፈት ልጄ... ድምፁን አላውቀውም።"