የሦስት ኪሎ ደስታ

ልጁ የጂሙ በር ላይ ሲቆም የአሰልጣኙ ልጅ ፎጣ እያጣጠፈች ነበር። እንግዳ መሆኑን አይታ ተነሳች። እሷ ስትነሳ እሱ አንገቱን ወደ ላይ አቀና።

«ለመመዝገብ ነበር» አለ። ትንሽ አሰብ አድርጎ፣ «ይቅርታ፣ ቁጭ ብትይ ቅር ይልሻል? አንገቴን ልታሳምሚኝ ነው» አላት።

ሳቋ አመለጣት። ሰው ፊት መሳቅ የሚጨንቃት ልጅ ነበረች።

ሁለቱም አስራ ሁለተኛ ክፍል ናቸው። የእሱ እኩዮች ድምፃቸው ጎርንኖ ጢማቸው ሲያቀመቅም፣ እሱ ግን የታናሽ ወንድማቸው ጓደኛ ይመስል ነበር። ጂም ውስጥ ስም ለማውጣት ማንም አልተቸገረም፤ በማግስቱ «ጩጬ» ተባለ።

«ጩጬ፣ ብረቱ አንተን እንዳያነሳህ ተጠንቀቅ!» ይለዋል «ጡንቻው» የሚሉት ልጅ፤ ከሁሉም ግዙፉ እሱ ነው። ሁሉም ይስቃሉ። ጩጬም ይስቃል፣ ግን በጥርሱ ብቻ።

ሳይርበው ይበላል። ጠዋት እንቁላል፣ ቀን ድንች፣ ማታ ሙዝ በወተት። እናቱ «ልጄ፣ ሆድህን ልታፈነዳው ነው እንዴ?» እያሉ ይቆጣሉ። አሰልጣኙ ደግሞ «አይዞህ፣ እኔም የተመዘዝኩት እኩዮቼ አድገው ከጨረሱ በኋላ ነው» ይሉታል።

«መቼ ነው የሚጀምረኝ ታዲያ?»

እሱን አሰልጣኙም አያውቁም።

አሰልጣኙ አንድ ጥብቅ ደንብ አላቸው። በማደግ ላይ ያለ ልጅ ከራሱ ክብደት የበለጠ ብረት ከጭንቅላቱ በላይ አያነሳም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹ ይመዘናሉ። ሚዛኑን አውጥታ ቁጥሩን የምትናገረው ልጃቸው ናት።

የጩጬ ቁጥር ንቅንቅ አልል አለ። አንድ ቅዳሜ ሌሎቹ ከሄዱ በኋላ፣ የጫማውን ክር እያሰረ፣ ቀና ሳይል ጠየቃት።

«እውነቱን ንገሪኝ። ሰው እንዲህ ሆኖ ሊቀር ይችላል?»

ልትነግረው የምትፈልገው ብዙ ነበር።

«አይ» ብቻ አለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌሎቹ ተመዝነው ሲያበቁ ሚዛኑን ገልብጣ ከሥሩ ያለችውን ማስተካከያ ዞር አደረገቻት። ቀስቱ ሦስት ኪሎ ወደፊት ሄደ። ልጁ ወጣበት። ቁጥሩን ተናገረች።

«እስኪ ድገሚው!»

ደገመችው። ፊቱ በራ። ዓይኑን ከቀስቱ አንስቶ እሷን አያት፤ እንደዚያ አይቷት አያውቅም።

«ሦስት ኪሎ?» አሉ አባቷ ከወዲያ። «ጎበዝ! በሉ ዛሬ ብረቱን ጨምሩለት።»

ክው ብላ ቀረች። ሚዛኑን ስታዞር ያሰበችው ፊቱን እንጂ ብረቱን አልነበረም።

ልጆቹ ከበቡት። «ጩጬ፣ ተናዝዘሃል?» አለ ጡንቻው። ልጁ ብረቱ እንዳያንሸራትተው መዳፉን በነጭ ዱቄት አሸ፤ ጎንበስ ከማለቱ በፊት አንዴ ዞር ብሎ አያት። ብትናገር ሰው ፊት ታዋርደዋለች። ዝም ብትል ደግሞ...

ብረቱ ደረቱ ላይ ደረሰ። ጉልበቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገታተረ።

«ጣለው!» ብላ ጮኸች።

ወደፊት ለቆት ወደ ኋላ አፈገፈገ። ወለሉ ተናወጠ።

«ምን ሆነሻል አንቺ?» አሉ አባቷ።

«ሚዛኑን... እኔ ነኝ ያዞርኩት። ምንም አልጨመረም።»

ልጁ ሹራቡን ሳይይዝ ወጣ። ተከትላው ሮጠች፤ ደረጃው ላይ ደረሰችበት።

«አዝነሽልኝ ነው አይደል?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው? መሳቂያ አደረግሽኝ እኮ!»

ድምፁ መሃል ላይ ተሰነጠቀ። ፊቱን አዞረ። እሷ የደረጃውን ብረት ጨብጣ መሬት መሬቱን እያየች ተናገረች።

«ቁጥሩን የምነግርህ እኔ ነኝ። አንተ ግን ሁልጊዜ ቀስቱን ነው የምታየው። አንድ ቀን እንኳ... እኔንም እንድታየኝ ብዬ ነው።»

መኪና አለፈ፤ ሌላም አለፈ።

«እኔ ያን ሁሉ እንቁላል የምውጠው ለማን መሰለሽ?» አለ በመጨረሻ። «አንቺ አጠገብ ስቆም ሰው እንዳይስቅብሽ ብዬ ነው።»

«ማንም አልሳቀብኝም።»

«ዛሬ ይስቃሉ።»

«ይሳቁ።»

ብርድ ሲያንዘፈዝፈው አይታ ሹራቡን ልታመጣ ወደ ውስጥ ሮጠች። ስመለስ አላገኘውም ብላ ፈርታ ነበር። እዚያው ቆሟል።

«ተናድጃለሁ» አለ ሹራቡን እየተቀበለ።

«አውቃለሁ።»

«ነገም እናደዳለሁ።»

«እሺ።»

«ማክሰኞ ግን የሚለቀኝ ይመስለኛል።»

«ማክሰኞ እኮ ጂም ዝግ ነው» አለች።

«እኔስ መች ስለ ጂም አወራሁ?»