ከፊታውራሪው ወንበር ኋላ

መጀመሪያ የተሰማው እግር ነው፤ ብዙ የቆመ ሰው ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲያዛውር ወለሉ እንደሚያቃስተው ያለ ዝግ ያለ፣ ትዕግሥተኛ ድምፅ። አስናቀ ከጎበጠበት ጠረጴዛ ቀና ብሎ ዞረ። በፎቶ ቤቱ ጓዳ ውስጥ እሱና የፊልም ማጠቢያው ኮምጣጣ ሽታ ብቻ ነበሩ። ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሥራው አሮጌ ፎቶግራፍ ማደስ ነው። የዛሬው የአንድ አውራጃ ሸንጎ ነበር፤ ባሪያ ነጻ ይውጣ አይውጣ ብለው የተከፋፈሉ ሹማምንት፣ ይውጣ ባዮቹ በቀኝ፣ እምቢ ባዮቹ በግራ፣ ካባ ደርበው፣ ሆዳቸውን ነፍተው ተቀምጠዋል። ከእያንዳንዱ ወንበር ኋላ አንድ ባዶ እግሩን የሆነ ሰው ጠመንጃ ይዞ ቆሟል። ከይውጣ ባዮቹም ኋላ። አስናቀ በአፍንጫው ሳቀ። ክርክሩ እስኪያልቅ ታዲያ ጠመንጃውን ማን ይያዝላቸው!

ፎቶግራፉን ያመጡት አቶ ዘርጋው ናቸው። አባታቸው ፊታውራሪ ጓንጉል የተቀመጡት በግራ ነው። አሁን ግን «የባሪያ ነጻነት ተሟጋች» ተብለው በስማቸው ትምህርት ቤት ሊመረቅ ነው።

«አባቴን ወደ ቀኝ አዛውርልኝ» ብለው ነበር ሲያመጡት።

«ጋሼ፣ ፊታውራሪ እኮ እምቢ ካሉት ጋር...»

«አንተ ነበርክ እዚያ? መቀስህን አንሳ! እንዲህ ከታዩማ ስማችን አለቀለት።»

«ከኋላቸው የቆመውስ?»

አቶ ዘርጋው ፎቶግራፉን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «ማን ቆሟል?»

አስናቀ ፊታውራሪውን ከነወንበራቸው ቆርጦ በቀኝ ለጠፋቸው። ዕድሜ ልካቸውን ያልለወጡትን ሐሳብ በሙጫ ለወጡ። በግራ ቆሞ የቀረውን ባለጠመንጃ ሰውዬ በቀለም ደፈነው፤ ግን ሲቆርጥ ሳያስተውል የሰውየው ጣቶች በወንበሩ መደገፊያ ላይ ቀርተው ኖሯል። እነሱንም ደፈናቸው። የተለጠፈውን እንደገና ፎቶ አንስቶ አጠበው። በቀዩ መብራት ሥር፣ ውሃው ውስጥ፣ ምስሉ ቀስ እያለ ሲወጣ ጣቶቹ ቀድመው ወጡ፤ ከጣቶቹ ጋር አንጓው። በምላጭ ፋቀና ደግሞ አጠበ። አሁን ክንዱ እስከ ትከሻው ነበር። ያ የቅድሙ እግርም ወለሉን አስቃሰተው፤ በዚህ ጊዜ ከራሱ ከአስናቀ ወንበር ኋላ፣ የጠመንጃ ቅባትና የረጠበ አፈር ከሚሸትበት ጨለማ። አስናቀ አልዞረም። ሦስተኛውን ቅጂ ሳያየው አጥቦ አድርቆ በወረቀት ጠቀለለው። ለእነሱ ውሸት እኔ ልበድ እንዴ!

ከሰዓት በኋላ አቶ ዘርጋው መጡ፤ የደንበኛው ወንበር ላይ ተንሰራፍተው ጥቅሉን ፈቱ። ብዙ አዩት።

«ደህና ሆነ ጋሼ?»

አስናቀ አንገቱን አስግጎ ተመለከተ። በቀኝ፣ ወንበሩ ላይ፣ ባዶ እግሩን የሆነው ሰው እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ፊታውራሪው ካባቸውን እንደደረቡ ከኋላ ቆመው ጠመንጃ ይዘዋል።

አቶ ዘርጋው ፎቶግራፉን አስቀምጠው ተነሡ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁና ዞረው ከወንበሩ ኋላ ቆሙ። ባዶው ወንበር ሲጥ አለ።

«ጋሼ፣ ምን ሆኑ?»

በሩ ማንም ሳይነካው ተከፈተ፤ አቶ ዘርጋው እንዳቀረቀሩ፣ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ከፊታቸው ትተው፣ ተከትለው ወጡ።