የጋሽ ኢሳይያስን ሥራ ማን ይመርምር?

እኔና የእህቴ ልጅ ስምረት ዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ ከተማ ውስጥ፣ ቻምበርስ ሮድ ላይ ባለ አፓርታማ አብረን እንኖራለን። እኔ ኤርፖርት ውስጥ መራመድ የሚያቅታቸውን መንገደኞች በዊልቸር እገፋለሁ። እሷ ኮምፒውተር ላይ ነው የምትሠራው። በሳምንት ሦስት ቀን ዴንቨር ቢሮዋ ትሄዳለች፣ ሁለቱን ቀን የምግብ ጠረጴዛዬን ይዛብኝ ትውላለች። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የተሠራ አንድ ስህተት ነው ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ። ስህተቱ የእሷ ብቻ አይደለም፣ የእኔም አለበት። የብዙዎቻችን ይመስለኛል።

የስምረት መሥሪያ ቤት ትንሽ ነው። የሚሠሩት ሌሎች ፕሮግራም ጸሐፊዎች የሚጠቀሙበትን መሣሪያ ነው። ዲበገር ይሉታል፤ የፕሮግራም ስህተት መፈለጊያ ማለት ነው። ፕሮግራም ሲሠራ በጣም ስለሚፈጥን ስህተቱ የቱ ጋ እንዳለ አይታይም። ስለዚህ «እዚህ ቦታ ስትደርስ ቁም» የሚል ምልክት ያደርጉበታል። ሲቆም ሰው ውስጡን ያያል። እኔ የገባኝ ይህን ያህል ነው፣ ለዚህ ታሪክ ደግሞ ይበቃል።

እዚያ ያስገቧት ጋሽ ኢሳይያስ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ለወጣቶች ኮምፒውተር ሲያስተምሩ ሰባት ዓመት ሆናቸው። ስምረትንም፣ ቢንያም የሚባለውንም ልጅ አስተምረው፣ ራሳቸው ወደሚሠሩበት ቦታ ወስደው አስቀጠሯቸው። እኛ ቤት የእሳቸው ስም ሲነሳ የተቀመጠ ሰው ተስተካክሎ ነው የሚቀመጠው።

መሥሪያ ቤቱ አንድ ደንብ አለው። ማንም የሠራውን ሥራ ሌላ ሰው አንብቦ፣ ሞክሮ፣ «ደህና ነው» ብሎ ስሙን ካላስቀመጠበት ሥራው አይገባም። ትልቅም ሆነ ትንሽ ሠራተኛ ያው ነው።

ባለፈው መጋቢት ጋሽ ኢሳይያስ አንድ ትልቅ ሥራ ጨርሰው ለስምረት ላኩላት። ያን ቀን ቤት ነበረች። እኔ ሽንኩርት እልጥ ነበር።

«የጋሼ ነው» አለች። «ስድስት መቶ መስመር።»

«ታዲያ አንብቢዋ።»

«እኔ ነኝ የጋሼን ሥራ የማርመው?» ብላ ሳቀች። «ማንበብ ያስተማሩኝ እሳቸው፣ እኔ አራሚ።»

«እሱስ ልክ ነሽ፣ ነውር ነው» አልኳት።

ስሟን አስቀመጠች። እኔ ሽንኩርቱን እንኳ አልጨረስኩም ነበር።

አምስት ወር አለፈ። መሣሪያውን ከሚጠቀሙት ደንበኞች አንዱ የመድኃኒት ማቀዝቀዣ የሚሠራ ኩባንያ ነው። ማቀዝቀዣው ውስጥ ሁለት ፕሮግራሞች አሉ። አንዱ ሙቀቱን ይለካል፣ ሌላው ሙቀት ሲጨምር ይጮኻል። ሁለቱም የሚጋሩት፣ እያንዳንዳቸው ቅጂውን የያዙት አንድ ክፍል አለ። ያ ክፍል ስህተት እንዳለበት ስለተጠረጠረ ቢንያም እንዲያይላቸው ተመደበ። ቢንያም በሁለቱም ፕሮግራሞች ላይ የማቆሚያ ምልክት አደረገ። የመጀመሪያው ቆመለት፣ ስህተቱ ተገኘ፣ እዚያኛው ላይ ተስተካከለ። ሁለተኛው ሳይቆም አለፈ። ቢንያምም «ሁለተኛው በዚህ ቦታ አያልፍም፣ ችግር የለበትም» ብሎ ጻፈ። ያየውን ነው የጻፈው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በአንዲት ትንሽ ክሊኒክ ማቀዝቀዣው ሞቀ፣ ማስጠንቀቂያውም አልጮኸም። ነርሷ ጠዋት ስትከፍተው ኢንሱሊኑ በሙሉ ተበላሽቷል። ተደፋ። ሰው አልሞተም። ነገር ግን መድኃኒታቸውን ሊወስዱ የመጡ ሰዎች ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። የቢንያም አለቃ ጠርታው «ሁለተኛውን ሳታይ አይቻለሁ ብለህ ጽፈሃል» አለችው። እስከ ዓርብ ማስረዳት ካልቻለ ከሥራ እንደሚወጣ ተነገረው።

ሰኞ ማታ ስምረት እራት አልበላ አለች።

«ምን ሆነሻል?»

«አክስቴ፣ ቢንያም አልዋሸም። መሣሪያው ነው ጥፋተኛው። ራሴ ሞከርኩት። ሁለተኛው ፕሮግራም ላይ ምልክቱ አይሠራም።»

«ለእኔ በሚገባኝ ንገሪኝ።»

አሰበችና፣ «ኤርፖርት ሁለት በር ላይ አንቺና ሌላ ሠራተኛ ቆማችኋል እንበል» አለች። «ሁለታችሁም ጋ ዊልቸር የሚፈልግ ሰው ይመጣል፣ ሲመጣ አስቁሙት ተባላችሁ። ሰዎቹ ገና ስላልመጡ ትእዛዙ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ይጠብቃል። አንቺ በር ላይ አንዱ መጣ፣ አስቆምሽው። አለቃሽ 'በቃ ተገኘ' ብሎ ትእዛዙን ከሰሌዳው አጠፋው። ሁለተኛው በር ላይ ሌላው ሰው ሲመጣ ምን ይሆናል?»

«ማን ያስቆመዋል? ትእዛዙ ጠፍቷላ።»

«ይኸው ነው። የመሣሪያው ምልክትም ፕሮግራሙ ያንን ክፍል እስኪከፍት ይጠብቃል። ጋሼ ደግሞ የሚጠብቁትን ሁሉ አንድ ሰሌዳ ላይ ነው ያደረጓቸው። ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ ያስፈልገው ነበር። በሁለት ፕሮግራም ብሞክረው ኖሮ በአንድ ሰዓት እደርስበት ነበር።»

«ግን አንብበሽ...»

«አላነበብኩም። አንቺም ነበርሽ።»

እኔ ያኔ የተናገርኩትን አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል፣ ግን መጻፍ አለበት።

«ዝም በይ» አልኳት። «ጋሽ ኢሳይያስ በዚህ ዕድሜያቸው በፈረንጅ ፊት ይዋረዱ? አንቺስ ሳታነቢ እንደፈረምሽ ልትናገሪ? ቢንያም ወጣት ነው፣ ሌላ ቦታ ይገባል።»

«ውሸታም ተብሎ?»

«ስም ይታደሳል።»

«የቢንያም ሲሆን ይታደሳል፣ የጋሼ ሲሆን አይታደስም?»

 ይህም ሐሳቤን አላስለወጠኝም። «ብያለሁ፣ ዝም በይ» ብዬ ሳህኑን አነሳሁ።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ የቢንያምን ሚስት ልዕልትን አገኘኋት። እሷም ኤርፖርት ነው የምትሠራው፣ ሳንድዊች ቤት ውስጥ። አጠገቤ ተቀመጠች።

«ምነው ከሳሽ፣ ዳይት ጀመርሽ እንዴ?» አልኳት።

«ኧረ ምን ዳይት፣ እትዬ ብዙዬ። የቢንያምን ነገር አልሰሙም?»

«ሰምቻለሁ። አይዞሽ፣ ሥራ ይገኛል።»

«ሥራውንስ ይፈልጋል። እሱ አይደለም ያስጨነቀኝ።» ሹካዋን አስቀመጠች። «መጀመሪያ 'አይቻለሁ' ይል ነበር። አሁን 'ምናልባት አላየሁ ይሆናል' ማለት ጀምሯል። ዛሬ ጠዋት የመኪናውን በር ቆልፎ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። ልጃችንን ወንበሯ ላይ አስሮ፣ ቀበቶውን በእጁ ይዞ፣ 'አስሬአታለሁ?' ብሎ እኔን ይጠይቀኛል።»

ምሳዬን ከደንኩት። ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰው ገፋሁ፣ የአንዱም መልክ አይታወሰኝም። አንድ እውነተኛ ሰው በዓይኑ ያየውን አላየሁም እስኪል ያደረስነው እኛ ነን። እኔ ዝም በይ ያልኩት ለጋሽ ኢሳይያስ ክብር ነበር። የክብሩን ዋጋ የሚከፍለው ግን ቢንያም ነው።

ቤት እንደገባሁ «ተነሺ፣ ልበሺ» አልኳት።

«ወዴት?»

«ጋሽ ኢሳይያስ ቤት።»

«ትናንት ዝም በይ ብለሽኝ የለ?»

«ብዬሻለሁ። ተሳስቼ ነው። ልበሺ።»

ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረስን። ጋሽ ኢሳይያስና ባለቤታቸው ወይዘሮ ጤናዬ ደስ ብሏቸው ተቀበሉን። ስለ ጉልበታቸው ጠየቅን። በረዶ ስለመታው ቲማቲማቸው ጠየቅን። ስለ አዳራሹ ጣሪያ ጠየቅን። አርባ ደቂቃ አለፈ። ስምረት እኔን ታያለች፣ እኔ እሷን አያለሁ።

«ሽምግልና ከሆነ የመጣችሁት የሚዳር ልጅ የለኝም» አለች ጤናዬ። «ተናገሩ።»

ስምረት አንገቷን ደፍታ ተናገረች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ እኔ ሳልረዳት።

ጋሽ ኢሳይያስ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «የእኔ ሥራ ነው ጥፋቱ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ሁለተኛው ፕሮግራም እዚያ ቦታ ካልደረሰ አይቆምም። ይህን ያላወቀው ቢንያም ነው።»

«ይደርሳል፣ ጋሼ። ሞክሬዋለሁ።»

«ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ ይህን ሥራ።»

«ሠላሳ ዓመት መኪናም ነድተሃል» አለች ጤናዬ። «ባለፈው ሳምንት የጋራዣችንን በር የገጨኸው ግን አንተ ነህ። ልጅቷን ስማት።»

ፊታቸው ጠቆረ። ተነስተው ኮምፒውተራቸውን አመጡ። ሁለት ትንንሽ ፕሮግራሞች ከፍተው ምልክት አደረጉ። የመጀመሪያው ቆመ። ሁለተኛው አለፈ። እንደገና ሞከሩ። እንደገና አለፈ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልክ ነሽ» አሉ። ቀጥለው፣ «ይህን የፈረምሽው አንቺ ነሽ። አንብበሽው ነበር?»

«አላነበብኩትም።»

«ለምን?»

«የእርስዎ ስለሆነ።»

«ስምረት፣ ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው። ዓይኔ ይደክማል። ለአንቺ የላክሁት እንድታከብሪኝ አይደለም፤ ካስተማርኳቸው ሁሉ ስህተት የማያመልጥሽ አንቺ ስለሆንሽ ነው። ስምሽን ከሥራዬ ሥር ሳየው 'እሷ አይታዋለች' ብዬ እኔም ዳግም አላየሁትም። አንቺ እኔን አምነሽ፣ እኔ አንቺን አምኜ፣ ሥራውን ያየው ሰው የለም።»

«ይቅርታ፣ ጋሼ።»

«እኔን አይደለም። ቢንያምን ነው። እኔም እጠይቀዋለሁ።»

«ዝም በይ ያልኳት እኔ ነኝ» አልኩ።

«ያንቺንማ መች አጣነው» አለች ጤናዬ።

ረቡዕ ጠዋት ሁለቱም ለአለቃቸው ጻፉ። እሳቸው ጥፋቱ የሥራቸው እንደሆነ፣ እሷ ሳታነብ እንደፈረመች። ቀላል አልነበረም። ጋሽ ኢሳይያስ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ቆመው አስረዱ። ስምረት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፣ ለስድስት ወር ብቻዋን መፈረም ተከለከለች። ለማቀዝቀዣው ኩባንያም እውነቱ ተነገረው። ቢንያም ሥራው ላይ ቀረ፤ የጻፈው መሣሪያው ያሳየውን እንደነበር የሚገልጽ ደብዳቤም ተሰጠው። የተደፋው መድኃኒት ግን አልተመለሰም።

ጋሽ ኢሳይያስ መሣሪያውን አስተካከሉት። አሁን ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ መጠበቂያ አለው፤ አንዱ ጋ ቢገኝም ለሌላው መጠበቁን አይተውም። ማን ይመርምረው ሲባሉ ቢንያም አሉ።

ቅዳሜ ስምረትን ልወስድ አዳራሹ ስደርስ ቢንያም ጋሽ ኢሳይያስ ፊት ቆሞ ኮፍያውን በእጁ ያዞራል።

«አንብቤዋለሁ፣ ጋሼ።»

«እህስ?»

«ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው።»

«ቢንያም።»

«አንዱ ፕሮግራም ተዘግቶ እንደገና ሲከፈት ምልክቱ ይጠፋል። ተመልሶ መጠበቅ ነበረበት። ይመስለኛል...» ቆም አለ። «አይ፣ አይቻለሁ። ሦስት ጊዜ ሞክሬ አይቻለሁ።»

ጋሽ ኢሳይያስ ወንበር ሳቡለት። «ቁጭ በልና አሳየኝ» አሉት።

ወገኖቼ፣ ይህ ነገር በኮምፒውተር ሥራ ብቻ የሚሆን አይደለም። ትልቅ ሰው የጻፈውን ሳናነብ እንፈርማለን፣ ያዘዘውን ሳንጠይቅ እንፈጽማለን፣ ሲሳሳት እያየን እናልፈዋለን፤ አከበርነው እንላለን። ብቻውን ነው የተውነው። ነገሩ ሲበላሽ ደግሞ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ እጁ በሌለበት ሰው ላይ ነው። ታላቃችሁን የምታከብሩ ከሆነ ሥራውን እዩለት፣ ስህተቱንም ቤቱ ሄዳችሁ በፊቱ ንገሩት። ይከፋው ይሆናል። ይከፋው።

በቀደም እኔም አባል የሆንኩበት የቤተ ክርስቲያናችን ኮሚቴ ስለ መኪና ማቆሚያ ከጎረቤት ጋር የሚደረገውን ስምምነት ይዞ መጣ። ስድስት አባላት ፈርመዋል፣ የቀረሁት እኔ ነበርኩ። ወረቀቱ እንግሊዝኛ ስለሆነ «አንብቡልኝ» አልኩ።

«እትዬ ብዙዬ፣ አያምኑንም?» አለ ሰብሳቢው።

«የጠየቃችሁኝ እምነቴን አይደለም፣ ፊርማዬን ነው» አልኩት።

አንዱ ሰዓቱን አየ። አንዷ በረጅሙ ተነፈሰች። ሰብሳቢው እየተረጎመ ማንበብ ጀመረ። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ ራሱ ደግሞ አነበበው። የተስማማነው መኪናችንን እሁድ እንድናቆም ነበር፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቅዳሜ ነው። ማንም አልተቆጣም። ታርሞ መጣ፣ ፈረምኩ።