የበርጩማዎቹ ደንበኛ

«እስቲ ፈልጊልኝ» አላት አባቷ፣ ከሹራቡ ላይ ሰጋቱራውን እያራገፈ። «ስድስት በርጩማ የገዛኝን ሰው ስሙን እንኳ አላውቅም። ሳላመሰግነው እንዳልሞት።»

አባቷ አናጺ ነው። ይሠራበት የነበረው ፋብሪካ ካሰናበተው በኋላ ወራት ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ ከርሟል። የሠራቸውን በርጩማዎች ፎቶ ኢንተርኔት ላይ የለጠፈችው እሷ ናት፣ እንደው ለሙከራ። ከዚያ አንድ ስም የለሽ ደንበኛ ብቅ አለና በክሪፕቶ፣ በዚያ የኢንተርኔት ገንዘብ፣ እየከፈለና ዕቃውን በመልእክተኛ እያስወሰደ በየወሩ አንድ አንድ ማዘዝ ጀመረ። አባቷም ከአልጋው ተነሳ፤ መጋዙን ሳለ።

የክፍል ጓደኞቿ «መርማሪ» የሚሏት በከንቱ አይደለም፤ ነገር ካልገባት እህል አይወርድላትም። እስከዛሬ በክሪፕቶ መክፈል ማለት ተሸፋፍኖ መክፈል ይመስላት ነበር። ለካስ ስም አይጻፍ እንጂ፣ ገንዘቡ ከየትኛው የክፍያ አድራሻ ወደየትኛው እንደሄደ የሚያሳየው መዝገብ ለማንም ክፍት ነው። የደንበኛውን አድራሻ ገልብጣ ብትፈልገው ስድስቱም ክፍያ ተደርድሮ መጣ። ያው አድራሻ ሌላም ቦታ ተገኘ፤ አንዲት ሠዓሊ «ሥዕሌን የወደዳችሁ እዚህ ላኩልኝ» ብላ በለጠፈችበት ገጽ ላይ።

ሠዓሊዋ ሌላ ከተማ የምትኖረው ታላቅ እህቷ ነበረች።

ሰሞኑን በቪዲዮ ስትደውል ካሜራዋ ከግድግዳው ንቅንቅ የማይለው ለካ ለዚህ ነው። ብቻዋን በምትኖርባት አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ስድስት በርጩማ! ልጅቱን ሳቅ አፈናት፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኗ እንባ ሞላ።

ከዚያ ፈራች። እህቷ ለአባታቸው ገንዘብ ስትልክለት «ልጄ አትጦረኝም፤ ገና እጄ ይሠራል» ብሎ ሁለቴ መልሶባታል። ይህን ቢያውቅ መጋዙን ጥሎ ወደ ግድግዳው ይዞራል። እሷ በሩብ ሰዓት የደረሰችበትን ደግሞ ማንም ሊደርስበት ይችላል።

ጊዜ ሳታጠፋ ለእህቷ ጻፈች፦ «ደንበኛዋ፣ ደረስኩብሽ። የክፍያ አድራሻሽን ከገጽሽ ላይ አንሺው። ለበርጩማው ሌላ የክሪፕቶ ቦርሳ ክፈቺ፤ ገንዘቡን ከድሮው ወደ አዲሱ በቀጥታ እንዳታሻግሪ፣ እሱም ይታያል።»

መልሱ ቆይቶ መጣ። «ለአባዬ ነገርሽው?»

በዚህ መሃል አባቷ ሰባተኛውን በርጩማ ተሸክሞ ገባ። «እህሳ፣ መርማሪዬ፣ ተገኘ?»

ስልኳን ደፋ አድርጋ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። «አልተገኘም፣ አባዬ። ይሄኛው ግን ትንሽ ይነቃነቃል። ደንበኛህ ይቀየምሃል።»

ጎንበስ ብሎ እግሮቹን አንድ በአንድ ነካካ። እውነትሽን ነው አለና ሞረዱን ሊያመጣ ወጣ።

ስልኳን አነሳች። «አልነገርኩትም» ብላ ጻፈች። «ሰባተኛው እየመጣልሽ ነው፤ ቦታ ልቀቂለት።»