ታቹ ጫካ የቀረ እንጉዳይ

«ይሄ ልጅ እኮ ጥላውን አይቶ የሚደነብር ነው» ያለው አጎቱ ነው፤ እሑድ ዕለት፣ ምሳ ላይ፣ ያውም ጎረቤት በተሰበሰበበት። ሁሉም ሳቁ። እናቱም ጭምር። ያቺ ሳቅ ሳምንቱን ሙሉ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰንቅራበት ከረመች።

ዛሬ ደግሞ ያው አጎቱ ከጫካ እንጉዳይ ለቅሞ፣ አንበሳ እንደገደለ ሰው ደረቱን ነፍቶ ገባ። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው።

«እህቴ፣ መጥበሻውን ጣጂ!»

ልጁ አንዱን አንስቶ ገለበጠው። ከቆቡ ሥር እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩት ስስ ንጣፎች ነጭ ናቸው። አገዳው ላይ እንደ ጉርድ ቀሚስ የተንጠለጠለ ቀለበት አለ። የባዮሎጂ መምህሩ «እነዚህን ካያችሁ ታቹን ሳታዩ እንዳትቀምሱ፤ ከነጭ ከረጢት ውስጥ የበቀለ ከሆነ ገዳይ ነው» ብሏቸው ነበር። ታቹን ሊያይ ቢል በቢላ ተቆርጧል። የሁሉም።

«ጋሼ፣ ታቹስ?»

«ጫካ ቀረ። እንጉዳይ ይቆረጣል እንጂ እንደ ካሮት አይነቀልም።»

«መለያው እኮ እሱ ነው!»

«ጀመረህ ደግሞ! ይኸው፣ ትል በልቶታል። መርዝ ቢሆን ትሉ አይሞትም ነበር?»

«መርዙ የሚገድለው ጉበት አጥፍቶ ነው፤ ትል እኮ ጉበት የለውም። የቆረጥክበትን አሳየኝና ቆፍሬ ልየው።»

«ጫካው ሁሉ ዛፍ ነው፤ የቱን ላሳይህ?»

እናቱ ሽንኩርቱን እያማሰለች «ኧረ አትነታረኩ! መርዝ ነው ካልክ አሳየን፤ ካልሆነ አጎትህን አታዋርደው» አለች። ከእንጉዳዩ ገሚሱን ከትፋ መጥበሻው ውስጥ ጨመረችው።

ምኑን ያሳይ? ማስረጃውን ጥሎ የመጣው አጎቱ፣ አምጣ የሚባለው እሱ! ሽታው ደግሞ፣ ይባስ ብሎ፣ ያስጎመጃል። ትንሿ እህቱ ሹካዋን ይዛ መጣች።

«ለእኔ ትልቁን!»

ልጁ መጥበሻውን ከእሳቱ አንስቶ ቆሻሻ ባልዲው ውስጥ ገለበጠው። ጠረጴዛው ላይ የቀረውንም ጠራርጎ ጨመረ። ማንም መልሶ እንዳይለቅመው የልብስ ሳሙና ዱቄት ነሰነሰበት።

«አብደሃል እንዴ!» አለች እናቱ።

አጎቱ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። «ያን ሁሉ ዳገት ወጥቼ! ቆይ፣ መርዝ ካልሆነስ? ንገረኝ እስቲ! ካልሆነስ?»

ላይሆን ይችላል። ልጁም ይህን ያውቃል።

ባልዲውን አንጠልጥሎ፣ በሩን በእግሩ ገፍቶ ወጣ።